የወይዘሮ ሮማነወርቅ ሰዓት

ቅዳሜ ቅዳሜ እጄን ኪሴ ውስጥ እከታለሁ። ሌላውን ቀን የሚያበላኝ እጄ ነው፤ ቡራዩ ከታ አካባቢ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ቴሌቪዥን፣ የውሃ ፓምፕ፣ ምድጃ፣ ያመጡልኝን ሁሉ እጠግናለሁ። ቅዳሜ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ግን ክፍሏ ሊኑክስ የሚባለውን፣ በዊንዶውስ ፋንታ ኮምፒውተር ላይ የሚጫነውን ሥርዓት፣ ለመጀመር ለሚፈልግ ሰው በነጻ ክፍት ናት፤ ያን ቀን የማንንም ኮምፒውተር በእጄ አልነካም። አጠገባቸው ቆሜ በአፌ ብቻ እመራለሁ። ብዙ ሰው በዚህ ይናደድብኛል። «ፈቀደ፣ አንተ በሁለት ደቂቃ የምትጨርሰውን እኔን ለምን ግማሽ ቀን ትፈጅብኛለህ?» ይሉኛል። እኔ የነካሁትን ኮምፒውተር ሰኞ ጠዋት መልሰው ያመጡታል፤ ራሳቸው የሠሩትን ግን አያመጡትም። ከልምድ የመጣ ነገር ነው። ትንሽ ክፋትም አለበት፣ አልክድም።

ግድግዳዬ ላይ የካርቶን ቁራጭ ለጥፌያለሁ። ኮምፒውተሩ አስቸገረኝ ብሎ የሚደውልን ሰው ሁሉ የምጠይቀው ሰባት ጥያቄ ተጽፎበታል። በዚህ ካርቶን ስመካ ኖሬያለሁ። አሁን የማወራው ካርቶኑ ያሳፈረኝን ጊዜ ነው፤ ዋናው ወሬ ግን ስለ እኔ ሳይሆን ስለ ወይዘሮ ሮማነወርቅ ነው።

ወይዘሮ ሮማነወርቅ ነሐሴ ሦስት ቀን ከሰበታ መጡ። በሦስት ታክሲ፣ በዝናብ፣ ላፕቶፓቸውን በፌስታል ላይ ፌስታል ደራርበው። ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። አባታቸው ከመንዝ መጥተው ሰበታ የቀሩ ሰው ነበሩ፤ እሳቸው እዚያው ተወልደው፣ ኦሮምኛውን ከጎረቤት ልጆች ጋር ሲጫወቱ ለምደው፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው አንድ የጨርቅ ፋብሪካ ቢሮ በታይፒስትነት ገቡ። ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ አሮጌውን የአማርኛ ታይፕ በጨረታ ገዝተው ፍርድ ቤቱ በር ላይ በላስቲክ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ ሃያ አምስት ዓመት የሰው ማመልከቻ ሲጽፉ ኖረዋል። ከተጂ በኩል መሬቴን ተነጠቅኩ ብሎ የሚመጣው ገበሬ፣ ባሏ ቀለብ አልቆርጥም ያላት፣ በግ ተሰረቀብኝ የሚል፣ ሁሉም እሳቸው ዘንድ ይሰለፋል። አማርኛ ቢፈልግ በአማርኛ፣ ኦሮምኛ ቢፈልግ በኦሮምኛ ይጽፉለታል። ደንበኛው እያለቀሰ ሲያወራ እሳቸው አያለቅሱም። «ቀን ንገረኝ፤ ዳኛ ቀን ነው የሚፈልገው» ይላሉ።

ታይፕ ሲቀር ወደ ኮምፒውተር ዞሩ። የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት አንድ ባለሙያ የኪቦርዱን ፊደሎች ልክ እንደ ድሮው ታይፕ አድርጎ አስተካክሎላቸው ስለነበር ጣታቸው ሳይደናገር ሠሩ። ባለሙያው ሞቷል። ሐምሌ ላይ ደግሞ አንድ ደንበኛ በያዘው ፍላሽ ቫይረስ ገባና ዊንዶውሱንም፣ የሁለት ዓመት ማመልከቻውንም፣ የሟቹን አቀማመጥም አንድ ላይ ይዞት ሄደ። ላፕቶፑ አርጅቷል፤ አዲስ ዊንዶውስ ቢጭኑበት እየተጎተተ ሰው ያሳብዳል። ሊኑክስ ቀለል ይላል፣ ቫይረስም እንደዚያ አይጫወትበትም ብሎ የሆነ ሰው ወደ እኔ ላካቸው።

የቸኮሉበት ምክንያት ነበራቸው። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ያለው ላስቲክ ሁሉ ሊነሳ ነው፤ በምትኩ ስምንት የቆርቆሮ ሱቆች ተሠርተዋል። ለስምንቱ ሱቅ አርባ ሦስት ጸሐፊ ተመዝግቧል። የሚለየው በፈተና ነው፤ ጳጉሜ አንድ ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ እያንዳንዱ በራሱ ኮምፒውተር በኢንተርኔት ገብቶ አንድ ገጽ አማርኛና አንድ ገጽ ኦሮምኛ በአርባ ደቂቃ ይጽፋል። ስምንት ሰዓት ተኩል ካለፈ ገጹ ማንንም አያስገባም። ሌላ ሰው ቢጽፍላቸው በምን ይታወቃል ብዬ ጠይቄ ነበር። «እኔን የሚተካ ታይፒስት ካለ እሱ ይውሰደው» አሉኝ። የወደቀ ሰው ከበሩ ይነሳል። ሌላ መቀመጫም፣ ሌላ ሙያም የላቸውም።

በመጀመሪያው ቀን ተጣላን ማለት ይቻላል።

«እንካ፣ ጫንልኝ» ብለው ላፕቶፑን ገፋ አደረጉልኝ።

«እርስዎ ነዎት የሚጭኑት።»

«እኔ? እጅህ ምን ሆነ?»

«ኪሴ ውስጥ ነው።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። ቤቱ ውስጥ የነበሩት ኦቦ መገርሳ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። ኦቦ መገርሳ ሱሉልታ የወተት ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው፤ የማኅበሩን መዝገብ ኮምፒውተር ላይ ለማድረግ ስድስተኛ ቅዳሜያቸው ነበር፤ እኔንም ጠባዬንም ለምደዋል። «አዴ ሮማን፣ እኔንም እንዲሁ ነው ያደረገኝ። አይዞሽ፣ ኢንደንደኣ፣ ይቻላል» አሏቸው።

ወይዘሮ ሮማነወርቅ መነጽራቸውን አደረጉ። ሊኑክሱ ያለበትን ፍላሽ ሰኩ፤ እያነበቡ፣ የማያውቁትን ቃል እየጠየቁኝ፣ አንድ አንዱን እየተጫኑ ሄዱ። «ዲስኩን ሙሉ በሙሉ ላጥፋው?» የሚለው ጥያቄ ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን አንስተው ረጅም ጊዜ ተቀመጡ። ዲስኩ ላይ ያለው ያ ቫይረስ የበላው የሁለት ዓመት ሥራቸው መሆኑን አውቃለሁ። ከዚያ ተጫኑት። ሰባት ሰዓት ሲሆን ሊኑክሱ ተነሣ።

ሁለተኛው ቅዳሜ የኪቦርዱ ቀን ነበር። የድሮውን ታይፕ አቀማመጥ የምናገኝበት ቦታ አልነበረም፤ ታይፑ ራሱ ከተሸጠ ቆይቷል። የትኛው ፊደል የት እንደነበረ ይንገሩኝ ብላቸው አላወቁም። «ጣቴ ነው የሚያውቀው» አሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ባዶ ጠረጴዛ ላይ፣ «ለተከበረው ፍርድ ቤት» ብለው መጻፍ ጀመሩ። ጣታቸው በወረደ ቁጥር ኦቦ መገርሳ ባለ ካሬ ወረቀት ላይ ቦታውን ምልክት ያደርጋሉ። ስድስት ማመልከቻ በባዶ ጠረጴዛ ላይ ጽፈው ሲጨርሱ ሠንጠረዡ ሞላ። እሱን ደግሞ ራሳቸው መስመር በመስመር ወደ ኮምፒውተሩ አስገቡ፤ ስድስት ሰዓት ፈጀ። ማታ ሊሄዱ ሲሉ አንድ አንቀጽ ጻፉ። እንዲያ ዓይነት ፍጥነት አይቼ አላውቅም። እጄን ከኪሴ አውጥቼ ላጨበጭብ ነበር፤ ተውኩት።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሁለት ቅዳሜዎች አልመጡም። ቤታቸው ሆነው ሲለማመዱ ነበር። የቡሄ ዕለት ስልክ ደወሉ።

«ፈቀደ፣ ቤቴን አሳመርኩት።»

«የትኛውን ቤት?»

«ይሄንን ነዋ፣ ኮምፒውተሩን።»

ፊቱ ላይ የነበረውን የተራራ ሥዕል አንስተው የፋብሪካውን ታይፒስቶች ፎቶ አድርገውበታል፤ አሥራ አንድ ሴቶች፣ ሁሉም ፀጉራቸውን ወደ ላይ ያበጠሩ። ፊደሉን አተልቀዋል። ከታች የነበረውን የምልክቶች መደዳ ወደ ላይ ወስደዋል። እኔ ምንም ሳላሳያቸው። ደስ አለኝ፤ እንዲህ የሚነካካ ሰው ሁልጊዜ ይማራል። በዚያው ዕለት አንድ ሌላ ነገርም አስተካክለው ነበር፤ እሱን አልነገሩኝም። መደበቃቸው አይደለም፤ የሚወራ ነገር አልመሰላቸውም።

ነሐሴ ሠላሳ፣ ዓርብ ከሰዓት፣ የጎረቤት ውሃ ፓምፕ ፈትቼ ተቀምጬ ሳለ ደወሉ። የፈተናው መለማመጃ ገጽ የተከፈተው ያን ቀን ነው። ቤታቸው ኢንተርኔት ስለሌለ ከስልካቸው ወስደው፣ ሊኑክሱን ከጫኑ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ገብተው ሲሞክሩ ገጹ አልከፈት አላቸው። «ይህ ግንኙነት አስተማማኝ አይደለም» የሚል ቀይ ጽሑፍ ይመጣል። ሌላም ሌላም ገጽ ሞክረዋል፤ ሁሉም ያው።

ወደ ካርቶኔ ዞርኩ። አንድ፣ ኢንተርኔቱ አለ? አለ፣ ስልኩ ላይ ይሠራል። ሁለት፣ ኮምፒውተሩ ከስልኩ ጋር ተገናኝቷል? ተገናኝቷል። ሦስት፣ አራት። አምስተኛው፣ ሰዓቱና ቀኑ ትክክል ነው?

«ትክክል ነው።»

«ስንት ይላል?»

«ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ። ሠላሳ፣ አሥራ ሁለት፣ ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት።»

የእጅ ሰዓቴን አየሁ፤ ዘጠኝ ከሩብ። ነሐሴ አሥራ ሁለተኛ ወር ነው፤ ቀኑ ሠላሳ ነው፤ ዓመቱ ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ነው። ትክክል ነው ብዬ ወደ ስድስተኛው አለፍኩ።

እዚህ ላይ የሚስቅብኝ ሰው ይኖራል፣ ይሳቅ። እኔም ሐበሻ ነኝ። ማለዳ ስነሣ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው የምለው፣ ግድግዳዬ ላይ የተሰቀለው ቀን መቁጠሪያም ነሐሴ ነው የሚለው። የሰማሁት ሁሉ ከማውቀው ጋር አንድ ሆኖ ሳለ ጆሮዬ ምን ብሎ ይጠራጠር?

ሰባቱም ጥያቄ አለቀ። ጥያቄው ሲያልቅብኝ ደግሞ ጠባዬ ይበላሻል።

«ወይዘሮ ሮማነወርቅ፣ የነካኩት ነገር አለ» አልኳቸው።

«ያሳመርኩትን ነግሬሃለሁ። ሌላ ምን ነካሁ?»

«መቼም ሳይነኩት ራሱ አልተበላሸም።»

የሚዋሹ መስሎኝ ነበር፤ ይህንን አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል። ሃያ አምስት ዓመት «እውነቱን ብቻ ንገረኝ» እያሉ ሲጽፉ የኖሩ ሴት ናቸው። እኔ ግን ፓምፑ ተፈቶ ይጠብቀኛል፣ ዝናቡ መጥቷል፣ ስለዚህ ለእኔ የቀለለኝን ነገር ነገርኳቸው፤ ፍላሹ እጅዎ ላይ አለ፣ ሙሉ በሙሉ አጥፍተው እንደገና ይጫኑት።

«ኪቦርዴስ?»

«ይጠፋል።»

መጀመሪያ ሠንጠረዡን ወደ ፍላሽ ይገልብጡት የምትለዋ አንዲት አረፍተ ነገር እንኳን አልመጣችልኝም። እሳቸውም አልጮሁብኝም። «እስቲ ልደርበት» ብለው ስልኩን ዘጉ።

በማግስቱ ጳጉሜ አንድ ቅዳሜ ስለነበር እኔ ዘንድ ሰው አለ። ያን ጠዋት ወይዘሮ ሮማነወርቅ በሰበታ ከሚገኙት ኢንተርኔት ቤቶች ወደ አንዱ ሄደው እንደሞከሩ በኋላ ሰማሁ። ገጹ ተከፍቶላቸዋል። ኪቦርዱ ግን የሌላ ሰው አገር ሆነባቸው፤ ከመለማመጃው ገጽ በአርባ ደቂቃ ሦስት መስመር ጽፈው ተነሡ። ወደ ቤታቸው ተመለሱና ሰባት ሰዓት ላይ ደወሉልኝ።

«ፍላሹን ሰክቼዋለሁ» አሉ። «ዲስኩን ላጥፋ ወይ እያለኝ ነው። ከማጥፋቴ በፊት ያንን ጥያቄህን አንድ ጊዜ ልትደግምልኝ ትችላለህ? ጣቴ እምቢ አለኝ።»

ፍላሹን አውጥተው መልሰው እንዲያስነሡት ነገርኳቸውና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ድምፁን ከፍ አደረግሁት። ኦቦ መገርሳ ወተታቸውን መመዝገብ ትተው ተጠጉ። «አካም ጂርቱ አዴ ሮማን» አሏቸው፤ ወይዘሮ ሮማነወርቅም በዚያ ጭንቀት መሐል «ነጋ፣ ነጋ» ብለው መለሱ። ሰው ሲጨነቅም ሰላምታ አይዘልም።

አንድ ብዬ ጀመርኩ። አምስት ላይ ደረስኩ።

«ሰዓቱና ቀኑ ትክክል ነው?»

«ሰዓቱ ትክክል ነው። ቀኑ ግን ዛሬ አጉል ሆኗል። ሠላሳ አንድ ይላል።»

እኔ ወደ ስድስተኛው ልሄድ አፌን ከፍቻለሁ። ኦቦ መገርሳ ናቸው ያስቆሙኝ።

«ሠላሳ አንድ? የቱ ወር ነው ሠላሳ አንድ ያለው? ዛሬ ጳጉሜ አንድ አይደለም እንዴ?»

አፌን ዘጋሁ። ኮምፒውተር ጳጉሜን አያውቅም። ሠላሳ አንድ ያለው የፈረንጅ ታኅሣሥ ነው። አሥራ ሁለተኛው ወር።

«ወይዘሮ ሮማነወርቅ፣ ሰዓቱን ማን ነው የሞላው?»

«እኔ ነኛ። የቡሄ ዕለት። ገና ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ አሥር ሰዓት ነው እያለ ሲያሾፍብኝ ከግድግዳው ቀን መቁጠሪያ አየሁና በልኩ አደረግሁት። ራሱ መልሶ እንዳያበላሸው በራሱ የሚያስተካክልበትንም አጠፋሁበት። ምነው?»

ምነው? ገጾች ሁሉ እንደ መታወቂያ ያለ ማስረጃ አላቸው፤ የተሰጠበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። የእሳቸው ኮምፒውተር በፈረንጅ ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ላይ ቆሟል፤ ስምንት ዓመት ሊሞላ ትንሽ የቀረው ወደ ኋላ። የፈተናው ገጽ መታወቂያውን ሲያሳየው የተሰጠበት ቀን ገና ያልደረሰ ይሆንበታል። ያልደረሰ ቀን የተጻፈበት መታወቂያ ማን ይቀበላል? በር ላይ ይመልሰዋል። ያን ሁሉ ቀይ ጽሑፍ ያመጣው ይኸው ነው። ይህንን በስልክ ስነግራቸው በአንዴ ነው የገባቸው። የሐሰት ሰነድ ሃያ አምስት ዓመት ሲያዩ ኖረዋል።

«ስለዚህ የኔ ልክ ነው፣ የሱም ልክ ነው» አሉ።

«አዎ።»

«አንተ ግን አልጠየቅከኝም።»

«አልጠየቅሁም። ትናንት የነካኩት አለ ብዬ የተናገርኩት ጥፋት ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«እሱ ከፈተናው በኋላ ይደርሳል። አሁን የትኛውን ልጫን?»

ሰባት ሰዓት ተኩል አልፏል። በራሱ የሚያስተካክልበትን ማብሪያ መልሰው እንዲያበሩት ነገርኳቸው። አበሩት። ሰዓቱ አልተነቃነቀም። የስልካቸው ኢንተርኔት ዘግይቶ ይሁን፣ ሌላ ይሁን፣ አላውቅም። ጠበቅን። ሰባት ከአርባ ሆነ። በእጅ ይሙሉት አልኳቸው፤ ዘጠነኛ ወር፣ ስድስት፣ ሁለት ሺህ ሃያ አምስት፣ ከሰዓት አንድ ሰዓት ከአርባ። ሰበታና ቡራዩ መካከል ስንት ኪሎ ሜትር እንዳለ አላውቅም፤ ያን ጊዜ ግን እጄ ኪሴ ውስጥ ሆኖ ጨርቁን ጨምድዶ ይዞታል። ያን ኪቦርድ ነጥቄ ልሞላው ብፈልግም አልደርስበትም። እሳቸው ቀስ ብለው፣ አንድ አንዱን ቁጥር ጮክ ብለው እየጠሩ ሞሉት።

«ተከፈተ» አሉ።

«ምን ይላል?»

«ስምህን ጻፍ ይላል። ዝጋልኝ፣ ጣቴን ላፍታታ።»

ዘጉት። ኦቦ መገርሳና እኔ አንድም ነገር ሳንሠራ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተቀመጥን። ማኅበሩ ያን ቀን ስንት ሊትር እንዳስገባ እስከ ዛሬ አልተመዘገበም።

ውጤቱ በሦስተኛው ቀን ተለጠፈ። ወይዘሮ ሮማነወርቅ ሁለተኛ ናቸው። አንደኛ የወጣው ከእሳቸው ሃያ ሰባት ዓመት የሚያንስ ልጅ ነው፤ «እሱስ ጎበዝ ነው፤ ነጥብ ላይ ግን ይሳሳታል» አሉኝ። ሱቃቸው ከፍርድ ቤቱ በር በስተቀኝ ያለችው የመጀመሪያዋ ናት።

ጳጉሜ አምስት ቀን፣ ቅዳሜ እንኳ ሳይሆን፣ በሦስት ታክሲ መጡ። ላፕቶፑን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና የሰዓቱን ማዕዘን በጣታቸው አሳዩኝ። የፈረንጁን ሰዓት በትንሽ ፕላስተር ሸፍነውታል። «እሱ የሚለውን ለራሱ ይያዘው። እኔ ዳኛው ፊት የምጽፈውን ቀን ነው የምፈልገው» አሉ። እኔም ገምቼ ነበር፤ ሦስቱን ቀን ፓምፑን ትቼ በዚሁ ስሠራ ነው የከረምኩት። ውስጡን የፈረንጁ እንደሆነ ይተዋል፤ ፊቱ ላይ ግን የእኛን ሰዓትና የእኛን ቀን፣ ጳጉሜንም ጨምሮ፣ የሚያሳይ ትንሽ ፕሮግራም። በወረቀት ገልብጬው ነበር። እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው ጻፉት፤ እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር። ሲጨርሱ ፕላስተሩን ላጡት። ከፎቷቸው በላይ፣ ከአሥራ አንዱ ሴቶች ራስ ላይ፣ «ጳጉሜ 5፣ 2017» አለ። ጥቂት አዩትና ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። እኔ የማላይ መሰልኩ።

ከካርቶኔ ላይ አምስተኛውን ጥያቄ ሰርዣለሁ። በቦታው «ሰዓቱና ቀኑ በማን አቆጣጠር ነው?» ብዬ ጽፌያለሁ።

የእንቁጣጣሽ ዕለት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። እንኳን አደረሰህ ሊሉኝ ነው ብዬ አነሣሁት።

«ፈቀደ፣ ኮምፒውተሩን ከፈትኩት» አሉኝ። «ሰዓቱ ትክክል ነው። ቀኑም መስከረም አንድ፣ ትክክል ነው።»

«አምኛለሁ» አልኳቸው።

«እንኳን አመንክ» አሉና ስልኩን ዘጉት።